«በኋላ እናስተካክለዋለን» የማይሠራበት ቦታ

ድራይቨር (መሣሪያን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያሠራ ኮድ) የሚጽፉ ልጆችን ሥራ ማየት ሥራዬ ነው። በየሳምንቱ የማትቀር አንድ ንግግር አለች፦ «አሁን ይሥራልን፣ በኋላ እናስተካክለዋለን።» ተራ ፕሮግራም ላይ ይሁን እሺ። ከርነሉና (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ፕሮግራሙ በሚነጋገሩበት በር ላይ ግን በኋላ የሚባል ነገር የለም። ሊኑክስ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ትናንት ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም ከርነሉ ስለታደሰ ዛሬ እምቢ ካለ ጥፋተኛው ከርነሉ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በዚህ ጉዳይ ስንቱ ላይ እንደጮኸ የሚያውቅ ያውቃል።

ከምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ቀላል ቀላሎቹን ላስቀድም። «ሲስተም ኮል (ፕሮግራሙ ከርነሉን የሚጠይቅበት ጥሪ) ጊዜ ይፈጃል፣ በተቻለ መጠን እንሽሸው።» ሁሌ አይደለም፤ ሰዓት መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ በቪዲኤስኦ (ከርነሉ ፕሮግራሙ ሜሞሪ ውስጥ በሚያስቀምጠው ትንሽ ኮድ) በኩል ከርነል ሳይገባ ያልቃል። «ከፕሮግራሙ የመጣውን ዋጋ አንዴ አረጋግጫለሁ፣ ደግሜ ባነበውስ?» በሁለቱ ንባብ መሃል ሌላ ትሬድ (የዚያው ፕሮግራም ጎን ለጎን የሚሮጥ ክፍል) ይቀይርባችኋል። አንዴ ወደ ከርነል ቅዱ፣ ከዚያ ቅጂውን ብቻ ተጠቀሙ።

«ስትራክት (አንድ ላይ የተጠቀለሉ ዋጋዎች) በከርነሉም በፕሮግራሙም ወገን ያው ነው» የምትለዋን እኔም አምኜባት ነበር። የመጀመሪያ ድራይቨሬ ላይ ባለ 32 ቢት ቁጥር አስቀምጬ ከሥሩ ባለ 64 ቢት አስከተልኩ። በ64 ቢት ኢንቴል ላይ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር መሃል 4 ባይት ባዶ ትቶ 16 ባይት አደረገው። በ32 ቢቱ ግን 12 ነው። የአዮክትል (ፕሮግራም ለድራይቨር ትእዛዝ የሚልክበት ሲስተም ኮል) ትእዛዝ ቁጥር ውስጥ ደግሞ የስትራክቱ መጠን ይገባል። ስለዚህ የ32 ቢቱ ፕሮግራም ሲጠይቅ ከርነሉ ትእዛዙን ጭራሽ አላወቀውም፤ «ለዚህ መሣሪያ የማይሆን ትእዛዝ» ብሎ መለሰልኝ። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ገመድ ስነቅልና ስሰካ ዋልኩ! መድኃኒቱ አንድ መስመር ነበር፦ ባዶዋን ቦታ ስም ሰጥቶ መጻፍ። ሳትጸዳ ወደ ፕሮግራሙ ከተመለሰች እኮ የከርነል ሜሞሪ ይዛ ትወጣለች።

አሁን ወደሚያናድደኝ። «የማናውቀው ፍላግ (አንድ አማራጭ የሚያበራ ቢት) ከመጣ ችላ እንበለው፣ ለተጠቃሚው ደግ እንሁን።» ይሄ ደግነት አይደለም። ፋይል የሚከፍተው ኦፕን የሚባለው አሮጌው ሲስተም ኮል እንዲህ ነው፤ የማያውቀውን ቢት ዝም ብሎ ያልፋል። ውጤቱስ? ፕሮግራሞች ቆሻሻ ቢት እየላኩ «ሠራ» ብለው ሄዱ፤ አዲስ ፍላግ መጨመር ራስ ምታት ሆነ። በ2013 በሊኑክስ 3.11 ስም የሌለው ጊዜያዊ ፋይል መክፈቻ ፍላግ፣ ኦ_ቲኤምፒፋይል፣ ሲመጣ ተንኮል አስፈለገ። የ«ፎልደር ብቻ» ፍላግን ቢት በውስጡ እንዲይዝ ተደረገ፣ ለመጻፍ ካልሆነም አይከፈትም ተባለ። የድሮ ከርነል ይህን ሲያይ ፎልደር ለመጻፍ አልከፍትም ብሎ እምቢ ይላል። እምቢ እንዲል ነበር ልፋቱ ሁሉ! በ2020 በሊኑክስ 5.6 የመጣው አዲሱ ፋይል መክፈቻ ኦፕንአት2 ግን የማያውቀውን ፍላግ ከመጀመሪያው በስህተት ይመልሳል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦ የማታውቁትን ቢት በስህተት መልሱ፣ ለወደፊት የተያዘው ቦታም ዜሮ ካልሆነ አትቀበሉ። እምቢ ያላችሁትን ነገ መፍቀድ ትችላላችሁ፤ የፈቀዳችሁትን መከልከል ግን አትችሉም።

በቀደም አንዱ ይህን ስነግረው «ኧረ ማን ነው ዝም ብሎ ትርፍ ቢት የሚልክ?» አለኝ። የራሱን መሞከሪያ ፕሮግራም ከፈትኩለት። ፍላጉን ዜሮ ማድረግ ረስቶታል።