አሬ ወንዝና ገደሉ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሬ በስዊዘርላንድ አልፕስ ከኡንተራርና ከኦበራር የበረዶ ግግሮች ይነሳል። ማይሪንገን ከተባለችው ከተማ ከመድረሱ በፊት ኪርሼት የሚባለውን የኖራ ድንጋይ ጉብታ ሰንጥቆ ያልፋል። ገደሉ 1.4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ እስከ 180 ሜትር ሲደርስ፣ እጅግ የጠበበው ቦታ ስፋቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው።

«የመሬት መንቀጥቀጥ የሰነጠቀው ነው»

ግድግዳውን ማየት ይበቃል። በመንቀጥቀጥ የተከፈለ ዐለት ጠርዙ ሹል፣ ፊቱም ሸካራ ነው። እዚህ ግን ከዛሬው ውሃ በጣም ከፍ ብሎም ሳይቀር፣ አዙሪት የቦረቦራቸው ክብ ጎድጓዶችና የተለሰለሰ ድንጋይ ይታያሉ።

«እንግዲያው በረዶው ቆርጦታል»

ይህኛው ግማሽ እውነት ነው። ግግር በረዶ ሲንሸራተት ሸለቆን ያሰፋል እንጂ እንዲህ ያለ ቀጭን ስንጥቅ አያወጣም። የቆረጠው ከበረዶው ሥር በግፊት የሚፈስ የቀለጠ ውሃ ነው። ውሃውም ብቻውን አይደለም፤ ከላይ ከወንዙ መነሻ፣ ከግሪምዝል ተራሮች አካባቢ ያመጣው የግራናይት አሸዋና ጠጠር ከኖራ ድንጋይ ስለሚጠነክር እንደ ሞረድ ይፍቃል። ኪርሼት ውስጥ በበረዶ ዘመን ደለል የተደፈኑ ሌሎች የቆዩ ገደሎችም አሉ፤ ወንዙ መንገዱን የቀየረው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

«ዝናብ ካልጣለ ወንዙ አይሞላም»

አባይን በክረምት ሲሞላ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተፈጥሯዊ ግምት ነው፤ አደገኛውም ስህተት ይኸው ነው። ከበረዶ የሚነሳ ወንዝ የሚሞላው ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ስትበረታ ነው። ከግግሩ አጠገብ ውሃው ዝቅ የሚለው ማለዳ ላይ ሲሆን ከቀትር በኋላ እስከ ምሽት ይጨምራል። ከግግሩ በራቁ ቁጥር ሙላቱ ዘግይቶ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ሌሊት። ጠዋት ጉልበት ድረስ የነበረ መሻገሪያ ማታ ስትመለሱ ላይሻገር ይችላል። ስለዚህ መሻገር የግድ ከሆነ በማለዳ፣ ወንዙ ሰፍቶ በሚከፋፈልበት ቦታ፣ የቦርሳን የወገብ ማሰሪያ ፈትቶ ነው፤ ጠባቡ ቦታ ቅርብ ቢመስልም ጥልቅና ፈጣን ነው። ከሥር ድንጋይ ሲንከባለል ከተሰማ ይቅር።

አሬ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ላይኛው ተፋሰስ በኃይል ማመንጫ ግድቦች የተያዘ ስለሆነ የውሃው መጠን የፀሐይን ሰዓት ብቻ አይከተልም። ግድብ ሲለቀቅ ውሃው ያለ ምንም ደመና ድንገት ይነሳል፤ ከግድብ በታች ባለ ጠጠራማ ዳርቻ ላይ ድንኳን አይተከልም።

«ግግሩ በቀለጠ ቁጥር ውሃው እየበዛ ይሄዳል»

ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ። ግግሩ ካነሰ በኋላ በሞቃቱ ወራት የሚኖረው ፍሰት ይቀንሳል።

«ከበረዶ የመጣ ስለሆነ ንጹሕ ነው»

ወተት የመሰለው ቀለም በረዶው ዐለት ፈጭቶ ያወጣው ዱቄት ነው፤ አሬ የሚገባበትን ብሬንዝ ሐይቅን አረንጓዴ ሰማያዊ የሚያስመስለውም እሱ ነው። ዱቄቱ ማጣሪያን ቶሎ ይደፍናል፣ በማፍላትም አይጠፋም። በዕቃ ቀድቶ ሌሊቱን ማስተኛት፣ ጠዋት የላይኛውን ቀስ ብሎ መገልበጥ፣ ከዚያ ማጣራት ወይም ማፍላት ነው። ላይ ከብትና የዱር እንስሳ ስለሚሰማራ ማጣራቱ ወይም ማፍላቱ አይዘለልም።