ድሬዳዋን ማን ያስተዳድራታል? ከንቲባው፣ ምክር ቤቱና ቀበሌው

የድሬ ሰው የከንቲባውን ስም ያውቃል። ሬዲዮ ላይ ይሰማዋል፣ መንገድ ሲመረቅ ያየዋል። በምክር ቤት የሚወክልህ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ራሱን ያካል። እኔም አክኬ አውቃለሁ። ይህ ነገር ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በድሬዳዋ ነዋሪው ከንቲባ አይመርጥም። ነዋሪው የሚመርጠው የምክር ቤት አባል ነው። ከንቲባውን የሚመርጠውም፣ የሚጠይቀውም ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ የከተማዋን አስተዳደር ለመረዳት ከንቲባው ቢሮ ሳይሆን አዳራሹ ውስጥ መጀመር ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ከተማዋ ራሷ እንዴት እንደመጣች ማየት ያስፈልጋል።

ባቡሩ የቆመበት

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስወጣ አለ። ባቡሩ ከግርጌው ሜዳ ላይ ቆመ፣ ጣቢያው ዙሪያም ከተማ በቀለ። መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» እየተባለችም ትጠራ ነበር።

ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ የባቡር ኩባንያው ከዚራን ቀየሰ። ቀጥ ያለ መንገድ፣ የዛፍ ጥላ፣ የሠራተኛ ቤት። ከወንዙ ወዲያ ደግሞ መጋላ ነጋዴው እንደመጣ፣ ቤት ከቤት እየተጠጋ አደገ። እስከዛሬ ድረስ ከተማዋን የሚያስተዳድር ሁሉ ይህን ልዩነት ነው የሚወርሰው። ከዚራ ላይ ቦይ ለመዘርጋት መንገዱን መከተል ይበቃል። መጋላ ውስጥ አንድ ቱቦ ለማሳለፍ ከስንት አባወራ ጋር መነጋገር ይጠይቃል።

ቀበሌ የመጣው በደርግ ጊዜ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ቃልም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። በድሬዳዋ እናቱ በተከራየችው የቀበሌ ቤት ውስጥ ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሰው ማግኘት ቀላል ነው።

ክልል ያልሆነች፣ ክልል የምትሠራውን የምትሠራ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 9 ክልሎችን ይዘረዝራል። አዲስ አበባንም በስሟ ይጠራል። ድሬዳዋ የለችበትም። ኦሮሚያም ሶማሌም የኔ ናት ይሉ ስለነበር ጉዳዩ እልባት ሳያገኝ ከተማዋ በፌዴራል መንግሥት ሥር ቆየች። ሕጋዊ ሰውነቷን ያገኘችው በቻርተር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 416/1996። ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት ሆነ።

ቻርተሩ ለምክር ቤቱ ያሸከመው ሥራ ግን የአንድ ከተማን ብቻ አይደለም። አስተዳደሩ የክልልን ሥራ ይሠራል፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ ፖሊስ፣ ግብርና። የማዘጋጃ ቤትንም ሥራ ይሠራል፤ ቆሻሻ ማንሳት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ቄራ፣ የገበያ ቦታ። የድል ጮራ ሆስፒታል አልጋና የከፊራ ገበያ ጭቃ በአንድ ከንቲባ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ።

ከዚህም በላይ ድሬዳዋ ከተማ ብቻ አይደለችም። ለረጅም ዓመታት አስተዳደሩ የተዋቀረው በ9 የከተማና በ38 የገጠር ቀበሌዎች ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 341,834 ሰው ነበራት፤ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ገጠር የሚኖር ነው። ይህን ብዙ የከተማ ሰው ይረሳዋል። ከተማው ውስጥ ሳቢያን ሰፈር የሚኖረው ስለ ኮብልስቶን ሲያስብ፣ ከተራራው ሥር ያለው አርሶ አደር የሚያስበው ስለ ማሽላው፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ሴፍቲኔት ክፍያው ነው። ሁለቱም ተወካይ የሚልኩት ወደ አንድ ምክር ቤት ነው። እኔ ይህን እንደ ሸክም ብቻ አላየውም። የከተማዋን ጎርፍ የሚያመጣውም የሚያስቀረውም ከላይ ያለው መሬት ነውና፣ የገጠሩ ተወካይ እዚያ አዳራሽ መቀመጡ ለመጋላ ነዋሪም ይጠቅማል።

አዳራሹና ቢሮው

ምክር ቤቱ የሚመረጠው ለ5 ዓመት ነው። ከአባላቱ መካከል ከንቲባውን ይመርጣል፣ የራሱን አፈ ጉባኤ ይሰይማል፣ ከንቲባው የሚያቀርባቸውን የካቢኔ አባላት ተቀብሎ ያጸድቃል። ከ6ኛው አጠቃላይ ምርጫ በኋላ በተቋቋመው ምክር ቤት ከንቲባነቱን የያዙት ከድር ጁሃር ናቸው።

ካቢኔው የቢሮ ኃላፊዎቹ ስብስብ ነው። ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ፋይናንሱ፣ ሌላውም ቢሮ በየዘርፉ ይመራል። የማዘጋጃውን የዕለት ሥራ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የከተማው ሥራ አስኪያጅ ነው። ቆሻሻ ለምን አልተነሳም፣ የመንገድ መብራት ለምን ጠፋ የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ምክር ቤቱ በቋሚ ኮሚቴዎቹ በኩል ቢሮዎቹን ይከታተላል። ዋና ኦዲተሩም ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ ነው። በኔ እይታ የአንድ ምክር ቤት ጉልበት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። አዋጅ ማጽደቅ እጅ ማውጣት ነው። የኦዲት ግኝት ይዞ «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ ኃላፊውን ማፋጠጥ ግን ማንበብ ይጠይቃል፣ ድፍረትም ይጠይቃል።

የሥልጣን ክፍፍሉን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በኢሕአዴግ ዘመን «40፣ 40፣ 20» የሚባል ቀመር ነበር። 40 በመቶው ለኦሮሞ፣ 40 በመቶው ለሶማሌ ፓርቲ፣ ቀሪው 20 ለሌላው። ከንቲባነቱም በሁለቱ መካከል ይፈራረቅ ነበር። ሐሳቡ ግጭትን ለማስቀረት ነው ተብሏል። ግን ቀመሩ ቢሮ ድረስ፣ ቅጥር ድረስ ወረደ። ከተማዋ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ወጣት ሥራ ሲፈልግ ከየትኛው ኮታ ነህ ተባለ። የድሬ ልጅ ነኝ ማለት መልስ አልሆነም። ወጣቶቹ ቀመሩን በተቃውሞ ያነሱት አለምክንያት አልነበረም።

ከንቲባው የማይዘው

አንዳንድ ወቀሳ አድራሻው ይሳሳታል። መብራት ሲጠፋ ከንቲባውን የምንወቅስ ብዙ ነን። ኤሌክትሪክ የፌዴራል ነው። ባቡሩም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነጻ የንግድ ቀጠናም እንዲሁ። በከተማዋ የፌዴራል ፍርድ ቤት አለ፣ የከተማም ፍርድ ቤት አለ፤ ባለጉዳይ የቱ ጋ እንደሚከስ ሳያውቅ ቀን ይጠፋበታል።

ገንዘቡም በከፊል ከፌዴራል የሚመጣ ድጎማ ነው። የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የዚያ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በክልል ምክር ቤቶች በኩል ነው፤ ድሬዳዋ ደግሞ ክልል አይደለችም። በተወካዮች ምክር ቤት ያላት መቀመጫ 2 ነው። የቀረውን ከግብሯና ከአገልግሎት ክፍያዋ ታሟላለች።

ውሃ ግን የከተማዋ ነው፤ እዚህ ላይ ማሳበብ አይቻልም። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከተማዋ ስትሰፋ የሳቢያን ጉድጓዶች አልበቁም፣ ወደ ሃሰሊሶ ተሄደ። ውሃው ካልሲየም ይበዛበታል። የማንኛውንም ቤት ማንቆርቆሪያ ክፈቱና ውስጡን እዩ፤ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ነገር ለብሷል። ያው ነገር ቱቦ ውስጥም ይጋገራል። መተላለፊያው ይጠባል፣ ላይኛው ሰፈር ውሃ ይደርቃል፣ ሰው ጄሪካን ይዞ ባጃጅ ይጠራል። በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን ያለ ውሃ ማለት ምን እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ጉዳዩ አዲስ ጉድጓድ በመቆፈር ብቻ አያልቅም። የድሮው ቱቦ መቼ ይቀየራል የሚለው የበጀት ጥያቄ ነው፣ ማንሳት ያለበትም የምክር ቤት አባል ነው።

ቀበሌ፣ መንግሥት ፊት ለፊት የሚታይበት

ለአብዛኛው ሰው መንግሥት ማለት ቀበሌ ነው። መታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ፣ የነዋሪነት ማስረጃ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ። የቀረው ሁሉ ከዚህ ወረቀት ይጀምራል። መታወቂያ የሌለው ሰው ሕግ ፊት ቢኖርም ቢሮ ፊት የለም።

አንድ ጊዜ ጎረቤታችን እማማ ለልጅ ልጃቸው የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት አንድ ቀበሌ ሲሄዱ አጅቤያቸው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባልን። ሁለተኛው ቀን ኔትወርክ የለም። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ላይ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ነበረች። ቅጹ በአማርኛ ነው። እማማ አማርኛ ይሰማሉ፣ ግን ሲጨነቁ ይጠፋባቸዋል። ልጅቷ ፊታቸውን አየች፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው። የአባት ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የክትባት ካርዱ። ኋላ የቆመ ሰውዬ ደግሞ በሶማሊኛ አንድ ነገር ሲጠይቃት እሱንም መለሰችለት። ጉዳዩ ከ20 ደቂቃ በላይ አልፈጀም።

«እናቴ፣ ሲደርስ እደውልልዎታለሁ፤ ዝም ብለው አይመላለሱ» አለቻቸው።

ደወለችም። ከዚያ ወዲህ ስለ መልካም አስተዳደር ስብሰባ ሲወራ የምትታወሰኝ እሷ ናት። ድሬ ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው መስኮቱ ላይ ማስቀመጥ ቅንጦት አይደለም፤ ሥራው ራሱ ነው።

ጉዳዩ ቀበሌ ላይ ካልተፈታ መንገዱ ወደሚመለከተው ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ቅሬታ ሰሚ ነው። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ይቀበላል። የምክር ቤት አባሉ ደግሞ በየትኛውም ደረጃ ሊጠየቅ ይችላል። የእሱ ሥራ ፋይል ማስፈጸም አይደለም። አንድ ዓይነት ቅሬታ ከሃያ ሰው ከሰማ ግን ቢሮውን አዳራሽ ውስጥ ማስጠየቅ አለበት። አቤቱታ በጽሑፍ ይሁን፣ ኮፒው እጃችሁ ይቅር፣ የገቢ ማኅተም ይምታበት። በአፍ የተነገረ ነገር በማግሥቱ የለም።

ደቻቱ

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው በመሐሉ ያቋርጣል፣ ነጋዴ ሸራ ይዘረጋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ከላይ ከተራሮቹ የወረደው ውሃ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ቤት፣ ገበያ፣ ከብት ተጠራርጎ ሄደ። ዘመድ ያልሞተበት የሚያውቀው ሰው ሞቶበታል።

የዚህ ወንዝ ክፋቱ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል መሙላቱ ነው። ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው። ተራራው ዛፉን ባጣ ቁጥር ውሃው ሳይሰርግ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በዳርና ዳሩ የመከላከያ ግንብ ተሠራ፣ የተፈናቀሉ ሰዎች ሌላ ቦታ ሰፈሩ። ግን ግንብ ብቻውን አይበቃም። የቆሻሻ ክምር የሞላበት የወንዝ ወለል ውሃውን ወደ ሰፈር ይገፋዋል። ከንቲባው የሚመራው የጽዳት ሥራ፣ የገጠሩ ቀበሌ የእርከን ሥራ፣ የመሬት ቢሮው ወንዝ ዳር ግንባታ የመከልከል ሥልጣን፣ የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ፤ ሁሉም እዚህ አንድ ወንዝ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ከሰነፈ የሌላው ድካም በአንድ ሌሊት ይሄዳል።

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፣ በጀቱ የሚጸድቀውም ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ግንቦት ላይ የሰፈራችሁን የምክር ቤት አባል አግኙና ሁለት ነገር ጠይቁ። የደቻቱ ወለል ጠረጋ መቼ ይጀመራል? ስንትስ ተይዞለታል?