ለሚደልብ ሰንጋ የበጋ መኖ አመጣጠን

በኢትዮጵያ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ገበያ የሚቀርበው ሰንጋ በአብዛኛው የሚደልበው ግጦሽ በሚደርቅበት በበጋ ነው፤ ከ90 እስከ 120 ቀን ይፈጃል። በእጅ የሚገኘው መኖ የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ጭድ፣ በሐረርጌ ደግሞ የማሽላና የበቆሎ አገዳ ነው።

ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ አያደልብም። የጤፍ ጭድ ከስንዴውና ከገብሱ ቢሻልም ፕሮቲኑ 4.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጭዱን የሚያብላሉት በትልቁ ጨጓራ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሲሆኑ፣ የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል። ያን ጊዜ ጭዱ ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ በሬውም ጭድ ከፊቱ ተከምሮ እያለ መብላት ይቀንሳል። ስለዚህ ስሌቱ ከፕሮቲን መጀመር አለበት።

300 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ በቀን 9 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ለማድለብ ከዚህ ውስጥ 12 በመቶው ፕሮቲን ቢሆን ይበቃል። 5 ኪሎ የጤፍ ጭድ 225 ግራም፣ 2.5 ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ (16 በመቶ) 400 ግራም፣ 1.5 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው፤ 32 በመቶ) 480 ግራም ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ድምሩ 1105 ግራም፣ ማለትም 12.3 በመቶ ነው። ፋጉሎ ሲወደድ ብዙዎች ሙሉ በሙሉ በፉርሽካ ይተኩታል። 5 ኪሎ ጭድ በ4 ኪሎ ፉርሽካ ግን 9.6 በመቶ ላይ ይቀራል። ከዚህ የከፋው፣ የፉርሽካ ፎስፈረስ ከካልሲየሙ እጅግ ስለሚበልጥ በተኮላሸ ሰንጋ ላይ የሽንት ቧንቧ ጠጠር ያመጣል። በቀን 50 ግራም የተፈጨ የኖራ ድንጋይና 40 ግራም ጨው መጨመር፣ ውሃም አለማጓደል ይህን ይከላከላል። የሻገተ ፋጉሎ በርካሽ ቢገኝም መጣል አለበት፤ ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል።

ፋጉሎ በማይገኝበት ቦታ ጭዱን በዩሪያ ማከም ይቻላል። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ይሟሟና 100 ኪሎ ጭድ ላይ በየንብርብሩ እየተርከፈከፈ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ አየር እንዳይገባው በፕላስቲክ ታሽጎ 21 ቀን ይቆያል። የየዕለቱ ድርሻ ሽታው እስኪቀንስ ከዋዜማው ጀምሮ ይነፍሳል። ዩሪያን በመጠጥ ውሃ አሟሙቶ መስጠት ግን በሬውን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ሰንጋው እንደተገዛ የጉበት ትልን ጨምሮ የውስጥ ጥገኛ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ያለዚያ መኖው ለትሉ ይሆናል። ፉርሽካውና ፋጉሎው በቀን ከግማሽ ኪሎ ተጀምሮ በሁለትና ሦስት ሳምንት ወደ ሙሉው መጠን ይደርሳል፤ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ ከጭድ በኋላ ይቀርባል። በተለይ እህል ወይም ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት) ድንገት ከበዛ ጨጓራው ይኮመጥጣል፤ በሬው ማመንዠግ ያቆማል፣ እበቱም ይቀጥናል። ያኔ ጭድ ብቻ እየተሰጠው ሐኪም ይጠራል። የደረት ዙሪያውን በየ15 ቀኑ ጠዋት፣ ሳይበላና ሳይጠጣ መለካት ክብደቱ መጨመሩን ያሳያል።

የጊዜ አቆጣጠሩ የመኖውን ያህል ይከብዳል። በዐቢይ ጾም የሥጋ ፈላጊ ስለሚቀንስ ለፋሲካ የታሰበ ሰንጋ ወደ ማድለቢያ መግባት ያለበት ከታኅሣሥ አጋማሽ ወዲህ ነው። ጾሙ ሲገባ ደልቦ ያለቀ ሰንጋ 55 ቀን ሲጠብቅ 5 ኩንታል ያህል መኖ ይጨርሳል።