የሃርሞኒካ ማይክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደሴ ፒያሳ አጠገብ ካለችው የጥገና ቤቴ መጣ። ሃርሞኒካ ተጫዋች ነው። ከፎጣ ውስጥ ጥይት የመሰለ አሮጌ ማይክ አወጣ። አጎቱ ከውጭ ያመጡለት ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው፣ ኦሪጅናል። ግን በሰርግ ላይ ስጫወትበት ድምፁ ትንኝ ሆነብኝ። ኤለመንቱ ሞቷል መሰለኝ» አለኝ። አጎቱ ግን «የድሮ ዕቃ አይበላሽም» ብለውታል።

እንዲህ ያለ ወሬ ብዙ እሰማለሁ። ሰውን ገንዘብ ያስወጣል፣ ደህና ዕቃም ያስጥላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው። የልጁን ማይክ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ፦ ኤለመንት የምንለው በማይኩ ሆድ ውስጥ ያለችውን ክብ ዕቃ ነው። ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይረው እሷ ናት። ከውጭ የሚታየው ብረት ቤቷ ነው።

«የድሮ ከሆነ ጥሩ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የድሮዎቹ ማይኮች ለሃርሞኒካ አልተሠሩም። ታክሲ ለሚያሰማሩ ሰዎች፣ ለአማተር ሬዲዮ፣ ለአዳራሽ ማስታወቂያ የተሠሩ ናቸው። ዋና ሥራቸው የሰው ንግግር ጎልቶ እንዲሰማ ማድረግ ነበር። ሹር ኩባንያ «ግሪን ቡሌት» የሚባለውን 520 በፈረንጆች 1949 አወጣ። የአስታቲክ ኩባንያ ማይክ ጄቲ-30ም የዚያው ዘመን ዕቃ ነው። በ1950ዎቹ ቺካጎ ውስጥ እንደ ሊትል ዋልተር ያሉ የብሉዝ ሃርሞኒካ ተጫዋቾች እንዲህ ያለ ማይክ ከሃርሞኒካው ጋር በእጃቸው አፍነው ይዘው አምፕሊፋየር ላይ ሰኩት። አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ወፈረ፣ ሻከረ። ሰው ወደደው። እስከ ዛሬም የሚፈለገው ያ ድምፅ ነው።

ያ ኤለመንት ያኔ ጥሩ ነበር። ዛሬ ግን 60 እና 70 ዓመት አልፎታል። ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። የሚርገበገበው ስስ ሽፋን ተጎድቶ ወይም ዝጎ ሊሆን ይችላል። ሃርሞኒካ ተጫዋች ደግሞ ከማይኩ ጋር ተጣብቆ ነው የሚተነፍሰው፤ የአፍ እርጥበት ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ፋብሪካ ውስጥም ቢሆን ሁሉም እኩል አልወጡም። እኔ የሞዴል ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ኤለመንቶች ጎን ለጎን ሞክሬ አውቃለሁ። አንዱ ወፍራምና ሞቅ ያለ ነው። ሌላው ቀጭን፣ ደካማ። ሻጩ ግን ለሁለቱም እኩል ዋጋ ነበር የጠራው።

ስለዚህ ስትገዙ ዓመተ ምሕረቱን አትግዙ። «በራሴ ሃርሞኒካ ልሞክረው» በሉ። ካላስሞከረ ተዉት።

«ክሪስታል ቢደክም አድርቆ ማዳን ይቻላል»

ክሪስታል የሚባለው ኤለመንት ልቡ ጨው ነው። የሮሼል ጨው ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይዋ ላ ሮሼል ከተማ ነው። ይህ ጨው ሲጫኑት ወይም ሲያጥፉት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ድምፅ ስሱን ሽፋን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሽፋኑ ጨዉን ይገፋዋል፣ ምልክቱ በሽቦ ይወጣል። የሚያምር አሠራር ነው።

ግን ጨው ጨው ነው። እርጥበት ያሟሟዋል። በጣም ደረቅ አየር ደግሞ በውስጡ ያለውን ውሃ ይመጥበታል። ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ጨርሶ ይፈርሳል። እኛ አገር እርጥበቱም ሙቀቱም አለ። ደሴ በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ድረስ ይገባል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ መኪና ፀሐይ ላይ ብታቆሙ ደግሞ ውስጡ ምድጃ ነው። እኔ አንድ ክሪስታል ማይክ ያጣሁት በዚህ ነው። ኮምቦልቻ ምሳ ልበላ ወረድኩ፣ ማይኩ መኪናው መስታወት ሥር ቀረ። ጠዋት ይሠራ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ስሰካው ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሩዝ ውስጥ ቅበረው፣ ምድጃ አጠገብ አኑረው የሚሉ አሉ። አይሆንም። የፈረሰ ጨው ተመልሶ አይገጥምም፣ ምድጃው ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። ለጠጋኞችም አንድ ነገር፦ የመበየጃውን ሙቀት ክሪስታል እግር ላይ አታቆዩ። በዚያ ብቻ ብዙ ደህና ኤለመንት ሞቷል። እርጥበትና ሙቀት ለሚበዛበት ሰው ሴራሚክ ኤለመንት ይሻለዋል። ጉልበቱ አነስ ይላል፣ ግን ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፦ «ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ካላነበበ ሞቷል።» ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ላለው ኤለመንት እውነት ነው፤ ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። ክሪስታል ግን ደህና ሆኖም ቴስተር ላይ ምንም አያሳይም። አሠራሩ ነው። እሱን የምትፈትኑት በጆሮ ነው።

«ግሪን ቡሌት ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ቤቱ ይመሳሰላል፣ ሆዱ ይለያያል። በድሮዎቹ ውስጥ ሹር ኮንትሮልድ ሪላክታንስ እና ኮንትሮልድ ማግኔቲክ የሚላቸው ኤለመንቶች አሉ። በማግኔት መሃል የሚንቀጠቀጥ ስስ ብረትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል ናቸው። የኋለኛው 520ዲኤክስ ደግሞ ዳይናሚክ ነው፤ የሽቦው ጥቅል ራሱ ከስሱ ሽፋን ጋር ይንቀጠቀጣል። በዚያ ላይ ባለፉት አሠርት ዓመታት ስንት ሰው ፈቶ ቀይሮታል! ቤቱ የድሮ፣ ሆዱ የትናንት የሆነ ማይክ ብዙ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ይከፈት።

«ዘመናዊ ማይክ ለሃርሞኒካ አይሆንም»

ይሆናል። የሹር ኤስኤም57 እና ኤስኤም58 ከ1960ዎቹ ጀምሮ የዓለም መድረክ ሁሉ ማይክ ናቸው። ሃርሞኒካም ያነሳሉ። ትልቁ ጥቅማቸው ዛሬ የገዛችሁትና ነገ የምትገዙት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጉዳታቸው፣ በተለይ የኤስኤም58 ክብ ራስ ወፍራም ስለሆነ በእጅ ለማፈን ያስቸግራል፤ ድምፃቸውም ንጹሕ ነው። ሻካራውን የቺካጎ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ንጹሕነቱ ላይጥመው ይችላል። ትዝታን ወይም ባቲን ጥርት አድርጎ ማሰማት ለሚፈልግ ግን እኔ እሱን ነው የምመክረው።

«ታዲያ የሚያነሳው የድምፅ ክልል ሰፊ የሆነው አይሻልም?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። ቁጥሩን እንየው። በሲ የተቃኘ ባለ 10 ቀዳዳ ሃርሞኒካ ዝቅተኛው ድምፅ 262 ኸርዝ (በሰከንድ 262 ጊዜ መርገብገብ) ገደማ ነው፤ ከፍተኛው 2,093 ገደማ። 520ዲኤክስ የሚያነሳው ከ100 እስከ 5,000 ኸርዝ ነው። ኤስኤም58 ከ50 እስከ 15,000 ይደርሳል። ሃርሞኒካው ለሁለቱም አይጎድልባቸውም። ጠባቡ ክልል የላይኛውን ፉጨትና የትንፋሽ ድምፅ ስለሚቆርጥ ነው ድምፁን ሞቅ የሚያደርገው። ሰፊነት እዚህ ላይ ብልጫ አይደለም፣ ምርጫ ነው።

«የሚጮኸው ነው ጥሩው»

ጆሯችን ከፍ ያለውን ይወዳል። ሁለት ኤለመንት ስታወዳድሩ የድምፁን መጠን እኩል አድርጉ፣ አለዚያ ሁልጊዜ የሚጮኸው ያሸንፋል። ኃይለኛ ኤለመንት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ቶሎ ያፏጫል። ተጫዋቹ እሱን ለማስቆም አምፑን ይቀንሳል፣ ያ የፈለገው ወፍራም ድምፅም አብሮ ይሄዳል።

«ድምፁን የሚሠራው ኤለመንቱ ነው»

እጅን ረስታችሁት ነው። ማይኩንና ሃርሞኒካውን አየር ሳያልፍ ስታፍኑ፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ኃይሉ ይጨምራል፣ ላይኛው ይለሰልሳል። እጃችሁን ስትከፍቱ ይሳሳል። ውድ ኤለመንት ይዞ ጣቱ የሚያፈስ ሰው፣ ርካሽ ይዞ በደንብ የሚያፍነውን አይደርስበትም። ኤለመንቱና ቤቱ መሃል ያለው ጎማም እንዲሁ ነው። እዚያ ቀዳዳ ካለ ከውጭ ያፈናችሁት ከውስጥ ያመልጣል። አንድ የጎማ ቀለበት መቀየር ብዙ ጊዜ አዲስ ኤለመንት ከመግዛት ይሻላል።

«ማይክ ማይክ ነው፣ የትም ይሰካል»

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ማይኩን ከፈትኩት፤ ክሪስታል ነው። «ሰርጉ ላይ ምን ላይ ሰካኸው?» አልኩት። «ሚክሰር ላይ፣ እንደማንኛውም ማይክ» አለ።

ችግሩ እሱ ጋ ነበር። የሚክሰር ማይክ ማስገቢያ ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው መቋቋም፣ ጥቂት ሺህ ኦም ነው። ክሪስታል የሚፈልገው ሚሊዮኖች ነው፤ 5 ሚሊዮን ኦም ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ዝቅተኛ ላይ ሲሰካ ታችኛው ድምፁ ይሞታል፣ የሚቀረው ቀጭኑ ብቻ ነው። ትንኙ ይኸው ነው። የድሮዎቹ ማግኔቲኮች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ላይኛው ይጠፋል፣ ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። አንድ ስህተት ነው፣ ሁለት ዓይነት በሽታ ያመጣል። ጠጋኝም በዚህ ይሳሳትና ደህናውን ኤለመንት ያወጣዋል። ኤስኤም58ን ጊታር አምፕ ላይ መሰካት ለሚፈልግ ደግሞ መሃሉ ላይ ማዛመጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ቤቴ ውስጥ ያለው የጊታር አምፕ ማስገቢያው 1 ሚሊዮን ኦም ነው። ለክሪስታል ብዙ ባይሆንም ይበቃዋል። የደረቀውን ጎማ ቀየርኩና ሰካሁለት። ከአራተኛው ቀዳዳ ተነስቶ የትዝታን ሜጀር ቅኝት ተጫወተ፤ በሲ ሃርሞኒካ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ቀዳዳ ድምፁን በትንፋሽ ሳታጥፉ ታገኙታላችሁ። እጁን ሲያጠብቅ ድምፁ ወፈረ። ትንኟ የለችም። ልጁ ሁለቴ ደገመው፣ እኔም ሥራዬን አቁሜ ሰማሁት።

ሲሄድ ማይኩን መልሶ በፎጣ ጠቀለለው። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ሥር እንዳያስቀምጠው ነገርኩት። ቦርሳው ሆድ ውስጥ ከተተው።