«መጀመሪያ ይዳን፣ ቤቱ ይደርሳል»፦ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስኪዞፍሬኒያ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ወይም ባይፖላር (ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሕመም) ያለበት ሰው ሰፈር ውስጥ ሲኖር ጎረቤት የሚጠይቀው ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለሚኖርበት ቦታ ነው። «ለምን እዚህ ያስቀምጡታል?» ይባላል። ከዚህ ጥያቄ ጋር ተያይዘው የሚነሡ፣ ብዙዎቻችን ሳንመረምር የተቀበልናቸው ጥቂት አባባሎች አሉ።

«ቦታው ሆስፒታል ነው»

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። «አማኑኤል ይግባ» ማለት የተለመደው ከዚያ የተነሣ ነው። ሆኖም የሆስፒታል አልጋ የሚያስፈልገው ሕመሙ ሲበረታ ነው፤ ሲረግብ ታማሚው ይወጣል። ያን ጊዜ «የት ያድራል?» የሚለውን ጥያቄ ሐኪሙ በማዘዣ ወረቀት ሊመልሰው አይችልም።

ሆስፒታሎቹን መዝጋትም ብቻውን መልስ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 ከ550 ሺህ በላይ ሰዎች በመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሕግ በየአካባቢው የአእምሮ ጤና ማዕከላት እንዲቋቋሙ ወሰነ። አልጋዎቹ ተነሡ፤ ከታሰቡት ማዕከላት ብዙዎቹ ግን ሳይሠሩ ቀሩ። ማደሪያ ያጡ ታማሚዎች ጎዳና ላይና እስር ቤት ውስጥ ተገኙ።

«መጀመሪያ ይዳን፣ ከዚያ ቤት ይፈለግለታል»

ከሁሉም አባባሎች ምክንያታዊ የሚመስለው ይህ ነው። ለረጅም ጊዜ የብዙ አገሮች አሠራርም እንዲሁ ነበር፦ መድኃኒቱን በደንብ ይውሰድ፣ መጠጥ ያቁም፣ በጋራ መጠለያ ውስጥ ጠባዩ ይታይ፣ ቤቱ በመጨረሻ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ ሳም ሴምበሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ጎዳና ላይ ለነበሩ ታማሚዎች ያለ ቅድመ ሁኔታ ተራ የኪራይ ቤት ተሰጣቸው፤ ሕክምናውና ድጋፉ ከዚያ ተከተለ።

ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ይህንኑ አሠራር በአምስት ከተሞች ከ2,000 በላይ ሰዎችን ባሳተፈ ጥናት ፈተሸችው። ቤቱን ቀድመው ያገኙት በተለመደው አሠራር ከቀጠሉት እጅግ በሚበልጥ ቁጥር በአንድ ቤት ውስጥ ተረጋግተው መኖር ቻሉ። የሕመም ምልክቶቻቸው ግን ከሌሎቹ በተለየ መጠን አልቀነሱም፤ ቤት የመድኃኒትን ሥራ አይሠራም። አሠራሩ ቁልፍ ሰጥቶ መሄድም አይደለም። ተከራዩ ከገቢው 30 በመቶ የማይበልጥ ይከፍላል፤ ደጋፊ ባለሙያዎችም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እየሄዱ ያዩታል።

ይህን እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አይቻል ይሆናል። ሐሳቡ ግን በትንሽ ወጪ ሊሞከር ይችላል። ታማሚው ሆስፒታል በተኛባቸው ሳምንታት የቤት ኪራዩ ካልተከፈለ አከራዩ ዕቃውን አውጥቶ ለሌላ ሰው ያከራያል። ታማሚው ተሽሎት ሲመለስ በሩ ላይ የሌላ ሰው ቁልፍ ተንጠልጥሎ ያገኛል። የአንድ ወይም የሁለት ወር ኪራይ መሸፈን ብዙውን ጊዜ ከአዲስ ውድቀት ያድናል። ለቀብር ድንኳን ለመትከል የማይዘገይ ዕድር አባሉ ታምሞ ሲተኛ ኪራዩን ቢሸፍን ምን ይከብደው ነበር?

«ቤተሰብ አለው፤ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?»

እኛ አገር «የማኅበረሰብ እንክብካቤ» ሲባል በተግባር አንዲት እናት ወይም አንዲት እህት ማለት ነው። ሌሊት የምትነቃው፣ ከሥራ የቀረችው፣ ካርድ ለማውጣት ገና ሳይነጋ የምትሰለፈው እሷ ናት። የሚተካት ካጣች፣ ልጇ በሌሊት ወጥቶ እንዳይጠፋ ወይም መኪና እንዳይገጨው ፈርታ በሰንሰለት ልታስረው ትችላለች። ማሰር ጉዳት ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ከጭካኔ ሳይሆን ከአማራጭ ማጣት የሚመጣ ነው። እናቲቱን መውቀስ ሰንሰለቱን አያስፈታም።

የሚያስፈታው ምን እንደሆነ ጉራጌ ውስጥ በሶዶ ወረዳ ተሞክሯል። የሕክምና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ለሥራው ሠልጥነው ለአንድ ዓመት ያህል ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ደገፉ። ስለ ሕመሙ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ረዱ፤ ታማሚው ወደ እርሻው፣ ወደ ገበያውና ወደ ለቅሶው እንዲመለስ ከቀበሌና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ሠሩ። በ48 ቀበሌዎች 166 ታማሚዎች የተሳተፉበት የዚህ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ድጋፉን ያገኙት ከጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን ለመምራት የተሻለ አቅም አሳይተዋል። ድጋፉ የእናቲቱን ቦታ አልወሰደም፤ ከጎኗ ቆመ።

«መድኃኒቱን በግትርነት ነው የሚተወው»

አንዳንዱ ሕመም እንዳለበት ስለማያምን ይተዋል። ቡታጅራ ውስጥ ታማሚዎች፣ ቤተሰቦችና የጤና ሠራተኞች ሲጠየቁ በዋናነት ያነሡት ምክንያት ግን ሌላ ነበር፦ በቂ ምግብ አለመኖር። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ፤ በባዶ ሆድ ሲወሰዱም ሰውነት ያዝላሉ። መሶቡ ባዶ በሆነበት ቤት ክኒኑን መዋጥ ረሃብን መጥራት ነው። «ለምን አትወስድም?» ብሎ ከመቆጣት በፊት ምሳ በልቶ እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል።

«አደገኛ ነው»

አብዛኞቹ በማንም ላይ ጥቃት አይፈጽሙም፤ ይልቁንም የሚደበደቡት፣ የሚዘረፉትና የሚደፈሩት እነሱ ናቸው። ሕክምና ያላገኘ፣ በተለይም መጠጥ ወይም ጫት የተጨመረበት ሕመም ጠብ ሊያስነሣ ይችላል። ሆኖም ይህ የሚያሳየው ሕክምናው መቅረብ እንዳለበት ነው፤ ሰውየው ከሰፈር እንዲባረር ምክንያት አይሆንም።

«ጠበልና መድኃኒት አይገናኙም»

ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋር እንዲወስዱ መክረዋል። ለአእምሮ ሕመም ክኒን ሲሆን ሕጉ የሚለወጥበት ምክንያት አይታየኝም።

«ሥራ ይብስበታል»

የሚብሰው ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ መዋል ነው። በብዙ አገሮች እንደታየው ለዓመታት በልዩ ማሠልጠኛ ከማቆየት ይልቅ ሰውየውን ቶሎ ተራ ሥራ አስይዞ እዚያው መደገፍ የተሻለ ውጤት ያመጣል። ድጋፉም ሁልጊዜ ገንዘብ አይጠይቅም። የማታው መድኃኒት ጠዋት ያፈዛል፤ ስለዚህ ለእንጨት ሥራ ቤቱ ወይም ለልብስ ስፌቱ ሠራተኛ ከሁለት ሰዓት ይልቅ በአራት ሰዓት እንዲገባ መፍቀድ ይበቃል። የጎደለውን ሰዓት ማታ ያካክሰዋል።