የፎገራ ሜዳ ጎርፍ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር የሚገኝ ለጥ ያለ ዋልካ መሬት ነው። ዋና ከተማው ወረታ ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ሥር ተነሥተው፣ የተራቆተውን የደጋ አፈር ጠርገው ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ስለሚደክም ደለላቸውን እዚያው ይጥላሉ። የወንዞቹ ወለል በየዓመቱ እየተሞላ ስለሄደ ውኃው ከዳርቻው ወጥቶ ለመንጣለል ብዙ ዝናብ አይጠብቅም።

ጎርፉ በሁለት በኩል ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ወንዞቹ ይሞላሉ። ዝናቡ በሚያባራበት በመስከረም ደግሞ ሐይቁ ራሱ ከፍታው ጫፍ ላይ ይደርስና ወደ ኋላ ይተኛል፤ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉ የባሕር ዳርቻ ቀበሌዎች ለሳምንታት ውኃ ላይ የሚቆዩት በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ ውኃ የአገሩ ሀብትም ነው። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም የምትግጠው ጎርፉ የሚያበቅለውን ሣር ነው። ሩዝ በደርግ ዘመን፣ ብዙዎች እንደሚሉት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ገብቶ በጅግናና በሻጋ ማኅበራት ተሞከረ፤ ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው በዚሁ በፎገራ ነው። ጤፍ የሚያበሰብሰውን ውኃ ወደ እህል የለወጠው የፎገራ ገበሬ ነው። ሐይቁ ሲሸሽም በለቀቀው እርጥብ መሬት ላይ ባሕር ሸሽ ይዘራል።

ጎርፉን አደጋ የሚያደርገው ሰው በምን ሁኔታ እንደሚጠብቀው ነው፤ ከ1995 እስከ 1998 ዓ.ም. የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። ጨራ ጨራ ላይ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በር፣ በ1988 ዓ.ም. የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠርቶ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አንሶ ሳለ ለኃይል ማመንጫ ብዙ ውኃ በመለቀቁ ጣና እጅግ ወረደ፤ ጀልባዎች ሥራ አቆሙ፣ ደንገሉ ደረቀ። በተጋለጠው የሐይቅ ወለል ላይ ሰው ማረስ ጀመረ። መሬት የሚፈልግ ሞልቶ ነበር፤ በ1989ኙ የመሬት ድልድል ያልደረሳቸው ወጣቶች ከአባታቸው ማሳ ተሻምተው ወይም የእኩል አርሰው የሚኖሩ ነበሩ። በ1998 ክረምት ወንዞቹም ሐይቁም ሞልተው ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምንና ደምቢያን አጥለቀለቁ። መጀመሪያ የተመቱትም ዝቅተኛውን መሬት የያዙት ናቸው። የባሕር ዳርቻው ሰው ጥፋቱን በጨራ ጨራ ያሳብባል፤ የዚያ ዓመት ዝናብ ግን ያለ መቆጣጠሪያውም ሜዳውን ማጥለቅለቁ የሚቀር አልነበረም።

ውኃው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ጎታው ነው። ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ መሬት ላይ የቆመ ስለሆነ ከሥሩ ርሶ ይናዳል፤ እህሉ በሁለት ቀን ይበቅላል። ቆርቆሮ ቤትና ከፍ ያለ ቆጥ ያለው ኩንታሉን ያወጣል፤ ወረታ ዘመድ ያለው ከብቱን አስቀድሞ ይነዳል። ብቻዋን ልጆች የምታሳድግና መሬቷን በእኩል የሰጠች ሴት ግን በሬም ጎረምሳም የላትም። ውኃው ከጎደለ በኋላ የጉድጓዱ ውኃ ተበክሎ፣ ወባው በጥቅምት ተነሥቶ፣ ከብቱ በጉበት ትል ከስቶ ይገኛል። የከሳ በሬ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ የሚበላሸው ያን ቀን ነው።

ጓያም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ውኃ የቋጠረ መሬትም ድርቅም ስለሚችል ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይቀራል። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ደሃ ቤተሰብ ልጆች እግራቸው የሚሽመደመደው በዚህ ነው፤ በደምቢያና በፎገራ በ1960ዎቹ መጨረሻ በስፋት ታይቷል።

ከ1998 በኋላ በርብና በጉማራ ዳር ክትር ተሠርቷል፤ በርብ ላይም 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ግድብ ተገንብቷል። ግድቡ የላዩን ጎርፍ ያረግባል። ክትሩ ግን አንዱን ዳር ሲጠብቅ ውኃውን ወደ ሌላው ዳርና ወደ ታች ይገፋዋል፤ በመስከረም ከሐይቁ ወደ ኋላ የሚተኛውን ውኃ ደግሞ ሁለቱም አያግዱትም።