የተለገሰ የጡት ወተት ምንድን ነው?
ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። ተናጋሪው «ስኳር ያለባት እናት ወተቷ ስለሚጣፍጥ ልጇ የተለገሰ ወተት ነው የሚያስፈልገው» ይላል። ቱሉ ዲምቱ ሳልደርስ «ወራጅ አለ!» ልል ምንም አልቀረኝም።

የዚህ ወሬ ዕዳ የሚመጣው እኛ ማዋለጃ ክፍል ነው። ባለፈው ወር አንዲት ስኳር ያለባት እናት 4.3 ኪሎ ልጅ ወለደች። ሲያዩት ደህና ነው። ተረከዙን ወግተን የደም ስኳሩን ስንለካው ግን 38 ሚሊግራም በዴሲሊትር ብቻ። እናትየው ጡቷን በነጠላ ሸፍናለች። አማቷ «በስኳር ላይ ስኳር ልትጨምሪበት ነው?» ብለዋታል።

የልጁ ችግር እኮ የስኳር ማነስ ነው! ሆድ ውስጥ ሳለ የእናቱ ስኳር ይጎርፍለታል፤ ኢንሱሊኗ (ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን) ግን በእንግዴ ልጁ አያልፍም። ስለዚህ የልጁ ቆሽት የራሱን በብዛት ያመርታል፣ እህል እንደበዛበት ወፍጮ። እትብቱ ሲቆረጥ እህሉ ይቋረጣል፤ ወፍጮው ግን መዞሩን አያቆምም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስኳሩ የሚወርደው ለዚህ ነው። እህል እንጨምርለት፣ ማለትም ይጥባ፦ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ በየ2 እስከ 3 ሰዓቱ። ወተቷ ይጣፍጣል የሚባለውም ልክ አይደለም፦ የወተቱን ዋና ስኳር፣ ላክቶስን፣ ጡት ራሱ ነው የሚሠራው። እናት የምትወጋው ኢንሱሊንም ልጁን አይጎዳም።

ታዲያ የተለገሰው? የእነዚህ እናቶች ወተት አንዳንዴ ይዘገያል። የተለገሰ ወተት፣ ማለትም ሌላ እናት አልባ የሰጠችው፣ የራስ ጤፍ እስኪደርስ ከጎረቤት እንደተበደሩት ጤፍ ነው። ደግሞ የተቆላ ጤፍ ነው (ጤፍ ቆልቶ የሚያስፈጭ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ብቻ ተከተሉኝ)። ለጋሿ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስና ለቂጥኝ ትመረመራለች፤ ወተቱ በ62.5 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። ተህዋሲው ይሞታል፣ ከበሽታ መከላከያውም ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። ጎረቤት መጥታ ብታጠባው ደግነት ነው፤ የተለገሰ ወተት የምንለው ግን ያንን አይደለም።

እግረ መንገዴን፦ ይህ ወተት በጣም የሚጠቅመው ያለጊዜያቸው ለተወለዱት ነው፤ ካነሰ ቅድሚያ ለእነሱ። ልጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከዛለ ደግሞ ወተት አይጠበቅም፣ ግሉኮስ በደም ሥር ነው።

የዚያችን እናት እንገር በእጅ አልበን በማንኪያ ሰጠነው። ቆይተን ስንለካው 52። አማትየው ማንኪያውን አገላብጠው አዩና «ቢጫ ነው እንዴ?» አሉ።